የመልሕቅ መብራቱ

ኮረንቲ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ቃል ከተለዋወጠ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። በአንድ ወደብ እየኖሩ፣ በአንድ የባሕር ዳር መንገድ እየተላለፉ፣ አንዱ የሌላውን ሳል ከሩቅ እየለየ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። እናታቸው ስትቀበር እንኳ አንዱ በራስጌ ሌላው በግርጌ ቆመው አፈር አለበሷትና በየፊናቸው ሄዱ።

ኮረንቲ የተባለው በሁለት ነገር ነው፤ በጀልባ መጠገኛው ግቢ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆኑ አንድ፣ የነካውን ሁሉ መንዘሩ ሁለት። ሥራ ያመጣለት ሰው መጀመሪያ ይሰደባል፤ ቀጥሎ ዕቃው ይጠገንለታል። ስድቡን የማይችል ሌላ ወደብ ይፈልግ።

የወንድሙ ልጅ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ በር ላይ ስትቆምም ዲናሞ ከሚጠቀልልበት ጠረጴዛ ቀና አላለም።

«ምን ተቃጠለ?»

«ምንም አልተቃጠለም። እንደምን ዋልክ አጎቴ?»

«ያልተቃጠለ ነገር ይዞ እኔ ጋ የሚመጣ የለም።»

«እንግዲያው እኔ ተቃጥያለሁ በለው» ብላ ሳቀችና አውራ ጣት የምታህል አምፖል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኤልኢዲ ነበረች።

ልጅቷ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ጉልበቱ ሲደክም የሸራ ጀልባውን ለእሷ ሰጥቷታል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከባሕረ ሰላጤ ባሕረ ሰላጤ እየዞረች ልትከርም አስባለች። መልሕቅ ጥላ ባደረችበት ሁሉ ደግሞ ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለው ነጭ መብራት እስኪነጋ በርቶ ማደር አለበት፤ «እዚህ የቆመ ጀልባ አለ፣ እንዳትገጨኝ» ማለት ነው። የድሮው አምፖል ግን ሌሊቱን ባትሪውን ሲጠጣ አድሮ ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ይላታል።

«ይቺኛዋ የዚያን አንድ አስረኛ ነው የምትጠጣው» አለች።

«የምትጠጣውን ለእኔ ነው የምታስተምሪው?» አምፖሏን አንስቶ ከጠረጴዛው ባትሪ ጋር አገናኛት። ቦግ አለች። «ደህና ናት። ምሰሶው ላይ አባትሽ ይውጣ።»

«ጉልበቱ እምቢ ብሎታል።»

«ምላሱስ? በእሱ ተንጠላጥሎ አይወጣም?»

ልጅቷ ስለ አባቷ ለሚባለው ነገር መልስ ሳትሰጥ መቆምን ከልጅነቷ ተምራለች። ኮረንቲም ለማንም ቢሆን እምቢ ይል ነበር፤ ለእሷ ግን አልቻለም። ያ ነገር በደረሰ ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከቤተሰቡ ሁሉ በሩን አንኳኩታ የመጣችው እሷ ብቻ ናት። «አጎቴ፣ አንተ ነህ ያጠፋኸው?» ብላ ጠየቀችው። «አይደለሁም» አላት። «እሺ» ብላ ሄደች። ሌላው ዘመድ ሳይጠይቅ ነው የፈረደው።

«ሐሙስ እመጣለሁ» አላት። «አባትሽ እዚያ ካለ አፉን ዘግቶ ይቀመጥ።»

ያ ነገር እንዲህ ነው። ወንድሙ የመንገደኞች ጀልባ ካፒቴን ነበር፤ ኮረንቲ ደግሞ የእሱ ጠባቂ፣ ከፊት ቆሞ ባሕሩን የሚቃኝለት። ጨለምለም ሲል ጀልባ በግራ ጎኗ ቀይ፣ በቀኝ ጎኗ አረንጓዴ ታበራለች። ከፊትህ የምታቋርጥ ጀልባ ቀይ መብራቷን ካየህ መንገድ የምትለቀው አንተ ነህ፤ አረንጓዴውን ካየህ የምትለቅልህ እሷ ናት። ሕጉ ይህን ያህል ቀላል ነው። በዚያ ምሽት የወደቡ አፍ ላይ ኮረንቲ «ቀይ ነው! ልቀቅ!» ብሎ ጮኸ። ካፒቴኑ አሻግሮ አየና «የምን ቀይ፣ አረንጓዴ ነው፣ እሱ ይልቀቅ» ብሎ ገፋ። የዓሣ አጥማጁን ጀልባ ለሁለት ከፈላት። የሰውየው ቀኝ እጅ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

በመርማሪው ቦርድ ፊት ካፒቴኑ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቆመ። «ወንድሜ አረንጓዴ ነው አለኝ፤ እኔም ዓይኑን አመንኩ» አለ። ካፒቴኑ በወርቃማ ቁልፍ ያጌጠ ኮት ለብሷል፤ ጠባቂው በላብ የራሰ ሸሚዝ ለብሷል። ቦርዱ ኮቱን አመነ። የኮረንቲ የባሕረኛ ደብተር፣ የሥራ ፈቃዱ፣ ለዘለቄታው ተነጠቀ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉ ሰዎች አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት አድረው አያውቁም። በውሸት የተፈረደበት ሰው ተበደልኩ ብቻ እያለ አይኖርም፤ ይጠራጠራል። ኮረንቲ ወንድሙን ፈሪና ዋሾ ነው ብሎ ከደመደመ ቆይቷል፤ አንድ ነገር ግን አልገባ ይለው ነበር። ቦርዱ ፊት መዋሸቱስ ይሁን፣ ራሱን ለማዳን ነው። እዚያ ጀልባው ላይ፣ ማንም ሳይከሰው፣ ጤነኛ ሰው ቀዩን አረንጓዴ የሚለው እንዴት ነው? ወይስ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ? ሦስት ጊዜ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ሦስቱም ዓይንህ ደህና ነው አሉት። ሆኖም ወርክሾፑ ውስጥ ቀይ ሽቦ በያዘ ቁጥር ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ሁለቴ ሳያይ አይቆርጥም። ከእንጀራው ይልቅ የተቀማው ይህ ነው። የራሱን ዓይን ነው የቀሙት።

ሐሙስ መጣ። ካፒቴኑም እዚያው ነበር፤ ጀልባው ወለል ላይ ገመድ የሚጠቀለልበት ዊንች አጠገብ፣ ስድሳ ሰባት ዓመቱን ይዞ፣ አሁንም ኮት ለብሶ።

«ለአባትሽ ንገሪው፣ እግሩን ከገመዴ ላይ ያንሳ።»

«አባዬ፣ እግርህን…»

«ሰምቻለሁ። ለአጎትሽ ንገሪው፣ የዚህን ጀልባ ኤሌክትሪክ በሙሉ በገዛ እጄ ነው የዘረጋሁት። ሃያ አምስት ዓመት አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። አምፖሏን ብቻ ቀይሮ ይውረድ፣ ሌላ ነገር እንዳይነካካ።»

«ለአባትሽ ንገሪው፣ የምነካውን እሱ አይመርጥልኝም።»

«ተማሪዎቼ እንኳ ከእናንተ ይሻላሉ» አለች ልጅቷ፤ ምሰሶ መውጫውን የሸራ ወንበር አጎቷ ወገብ ላይ አሰረችለት።

ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ነፍሱን በሁለት ገመድ ላይ ያንጠለጥላል። አንዱን ካፒቴኑ በዊንቹ እየጠቀለለ ይጎትታል፤ ሁለተኛው የመጠባበቂያ ነው፣ እሱን ልጅቷ ያዘች። ኮረንቲ ወደ ላይ እየተሳበ በየክንዱ ቁመት ልቡ ይቃጠል ነበር። የጠላው ሰው አየር ላይ ይዞታል። ጫፍ ሲደርስ ገመዶቹ ታሰሩ፤ ልጅቷ ማብሪያውን ልትሞክር ወደ ውስጥ ገባች። ካፒቴኑ ብቻውን ወለሉ ላይ ቀረ።

ኮረንቲ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈታ፣ የድሮውን አምፖል ነቅሎ አዲሷን ተከለ።

«አብሪ!»

«አብርቻለሁ!»

ምንም የለም። ነቀላት፣ አየት አደረጋት፣ መልሶ ተከላት። ምንም። የድሮውን መለሰ፤ በራ። ኤልኢዲዋን መለሰ፤ ጨለማ።

«ለአጎትሽ ንገሪው» የሚል ድምፅ ከታች መጣ፣ «ከእኔ ሥራ አይደለም ጥፋቱ፣ የገዛችሁት አምፖል ነው!»

ኮረንቲ ወደ ሽቦው ዞረ። የድሮ አምፖል ኮረንቲው በየት በኩል ገባ አይልም፤ ከወዲህም ከወዲያም ቢመጣ ይበራል። ኤልኢዲ ግን እንደዚያ አይደለችም፤ ፖዘቲቩ በፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩ በኔጌቲቭ ካልገባላት እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ሽቦው ተገላብጧል ማለት ነው። መጋጠሚያውን የሸፈነውን የደረቀ ላስቲክ በፒንሳ ቀደደ።

በምሰሶው ውስጥ የመጣው ገመድ ሁለት ሽቦ አለው፤ ቀይና አረንጓዴ። ከመብራቱ የወጡት አጫጭር ሽቦዎችም ቀይና አረንጓዴ ናቸው። ቀዩ ከአረንጓዴው ተጋጥሟል። አረንጓዴው ከቀዩ። በጥሩ ሁኔታ ተጠምዝዞ፣ በጥንቃቄ ተበይዶ፣ ተገላብጦ።

«የሰካራም ሥራ» አለ ለራሱ። ግን ወንድሙ ጠጪ አልነበረም።

ከዚያ ክሩን አየው። ከምሰሶው በመጣው ቀይ ሽቦ ላይ የልብስ ስፌት ክር ተጠምጥሟል፤ አንድ ቋጠሮ አለበት። በአረንጓዴው ላይም ክር አለ፤ ሁለት ቋጠሮ። በመብራቱ አጫጭር ሽቦዎች ላይ ግን ምንም የለም።

ያንን ቋጠሮ ያውቀዋል። እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበረች። በክር ሳጥኗ ውስጥ የቀዩ ክር ጫፍ አንድ ቋጠሮ ነበረው፣ የአረንጓዴው ሁለት፣ የቡናማው ሦስት። «ለምንድን ነው እማዬ?» ብሎ ሲጠይቃት «ዓይኔ ደክሞ ነው» ትለው ነበር። ዓይኗ! በመሸ ብርሃን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ባንድ ጊዜ ክር የምታሾልክ ሴት! ክር አምጣልኝ ተብሎ ወደ ሳጥኑ የሚላከው ግን ማን ነበር? ሁልጊዜ ታላቁ ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ ይቺኛዋስ ዥንጉርጉሩን እያወቀች በክር ቋጥራ ይዛው ኖራለች። የጀልባውን ገመድም ሁለቱንም ጫፍ ምድር ላይ ቋጥራ ሰጥታዋለች። ከፋብሪካ በመጣው መብራት ላይ ግን እናት አልነበረችም። ልጇ እዚህ ጫፍ ላይ ብቻውን ተንጠልጥሎ ገመተ፤ ስቶ ገጠመ፤ አምፖሉ ስለበራለት ደግሞ መሳቱን ሳያውቅ ኖረ።

ኮረንቲ የመሣሪያ ከረጢቱን በቀጭን ገመድ ወደ ታች ሰደደና በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያውን ቃል ለወንድሙ ተናገረ።

«አንተ! ከመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ቀዩን ናስትሮ ላክልኝ።»

ካፒቴኑ በቀጥታ መጠራቱ አስደንግጦት ቀና አለ። ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ጥቅል ናስትሮ ከረጢቱ ውስጥ ጨመረ። ኮረንቲ ጎተተው። አረንጓዴ ነበር።

መልሶ ለቀቀው። «ቀይ ነው ያልኩህ!»

ካፒቴኑ የተመለሰውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተው፣ ከዚያ ሁለት ጥቅል አወጣ። አንዱን በቀኝ እጁ፣ አንዱን በግራው ይዞ ቆመ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ወደ ፀሐይ አዞራቸው። ቀዩ ከአረንጓዴው የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነበርና እጆቹን እንደ ሚዛን ዘርግቶ ቀረ።

«ልጄ!» ብሎ ተጣራ በመጨረሻ። «እስቲ ውጪና ለአጎትሽ የሚፈልገውን ላኪለት።»

«እንዳትነኪ!» ብሎ ጮኸ ኮረንቲ ከላይ። «እሱ ይላክልኝ! ካፒቴኑ ይላክልኝ!»

በዙሪያው ባሉ ጀልባዎች ላይ ሰዎች ከሥራቸው ቀና አሉ። አንዱ ሸራ ጠጋኝ መርፌውን አፉ ውስጥ ይዞ አንጋጠጠ።

«ምን ሆናችኋል?» አለች ልጅቷ ብቅ ብላ።

«አባትሽን ጠይቂው!» አሁን ወደቡ በሙሉ ይሰማ ነበር። «በል ንገረኝ፣ ቀይ ስንት ቋጠሮ ነው?»

ካፒቴኑ ፊቱ አመድ መሰለ። ልጁን አየ፣ ሸራ ጠጋኙን አየ፣ ከዚያ ወደ እጆቹ አቀረቀረ።

«አንድ» አለ። ከአጠገቡ ካለችው ልጁ አልፎ ሊሰማ የማይችል ድምፅ ነበር፤ ኮረንቲ ግን መልሱን ሳይሰማ አወቀው።

«አባዬ፣ የምን አንድ?»

«አውርጂው» አላት ካፒቴኑ። «አውርጂው፣ ሰው እያየን ነው።»

«አልወርድም! ሥራዬን አልጨረስኩም። እኔ ግማሽ ሠርቼ አልወርድም፣ ገልብጬም አልሠራም።» ኮረንቲ መጋጠሚያዎቹን ቆረጠ፣ ቀዩን ከቀዩ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴው አገናኘ። ቀዩን ሽቦ ሁለቴ አላየውም። «አብሪ!» ኤልኢዲዋ በጠራራ ፀሐይ እንኳ የምትታይ ነጭ ሆና ቦግ አለች። መጋጠሚያዎቹን ኪሱ ውስጥ በነበረው ናስትሮ ጠቀለለ፣ ክዳኑን አጠበቀ፣ «አሁን አውርዱኝ» አለ።

ካፒቴኑ ገመዱን ስንዝር በስንዝር፣ እንቁላል እንደሚያወርድ ሰው ለቀቀለት። ይህ ኮረንቲን ይበልጥ አናደደው። ለአጥንቱ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ለስሙ ምነው እንዲህ አልተጠነቀቀም?

እግሩ ወለሉን እንደነካ ወንበሩን ሳይፈታ ነው የጀመረው።

«የዓይን ምርመራውን እንዴት አለፍክ?»

«እናታችን… ለክሊኒኩ ጋዋን ትሰፋ ነበር። በነጠብጣብ መሐል ቁጥር የተደበቀበት መጽሐፍ አለ፤ እዚያ ቁጭ ብላ ቁጥሮቹን ገጽ በገጽ ይዛልኝ መጣች። በቃሌ አጠናሁት። በየሁለት ዓመቱ ያው መጽሐፍ ነው።»

«ለእኔስ? ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አፍህ አያርፍማ! ‹እሱ ከሰማ ወደቡ ሰማ› አለች።»

«ዓይንህ እሆንልህ ነበር እኮ! ዓይንህ ነበርኩ እኮ! ቀይ ነው አልኩህ!»

«እኔ የምሬን ነው፣ አረንጓዴ መስሎኝ…»

«እሺ፣ መሰለህ። ጀልባው ላይ መሰለህ። ዓይንህን አልከስም፣ ዓይንህን የሰጠህ አንተ አይደለህም። ቦርዱ ፊት ‹እሱ አረንጓዴ አለኝ› ስትልስ? ያኔ ምን መሰለህ? እጁ የተቆረጠው ሰውዬ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ፣ ያኔ ምን መሰለህ?»

ልጅቷ በሁለቱ መሐል ቆማ አባቷን እንደ አዲስ ሰው ታየው ነበር።

«እውነት ነው?» አለችው።

«ልጄ፣ አንቺ ሕፃን ነበርሽ፣ ቤት ነበረን፣ ደብተሬን ቢቀሙኝ…»

«የእሱን ቀሙት እኮ።»

«አሁን ምን ይጠቅመዋል? ስልሳ ሊሞላው ነው። መርከብ ሊሳፈር ነው?»

«የሚጠቅመኝን አንተ አትመዝንልኝም!» አለ ኮረንቲ። «ስሜን ነው የምፈልገው። ቀብር ላይ የሚነበብ ሳይሆን አሁን፣ በቁሜ፣ በወረቀት።»

ልጅቷ የአባቷን ኮት ክርን ያዘች። «የወደቡ ቢሮ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ተነስ አባዬ።»

ካፒቴኑ ክንዱን ሊያስለቅቅ ሞከረ። አልለቀቀችውም። ሸራ ጠጋኙ፣ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ የሚያልፉበትን መንገድ ከሸራው ጠረገላቸው።

በቢሮው መስኮት ኋላ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጸሐፊ ተቀምጣለች።

«የየትኛው ግጭት?» አለች።

ኮረንቲ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን ነገራት። ሰዓቱንም ጨመረላት።

«የዚያን ጊዜ ፋይል ምድር ቤት ነበር፤ ውሃ ገብቶበት ተጥሏል። ቃለ ጉባኤውም፣ ምስክሩም፣ ምንም የለም።»

«ፍርዱስ? እሱም ተጥሏል?»

መነጽሯን አውርዳ ኮምፒውተሩን ጠቅ ጠቅ አደረገች። «አይ፣ እሱ እዚህ አለ። ‹በጠባቂው ቸልተኝነት። ደብተሩ ለዘለቄታው የተነጠቀ።›»

ኮረንቲ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሰው የሚያስደነግጥ ነበር። «ታያላችሁ? እውነቱን ውሃ ወሰደው። ውሸቱን በኮምፒውተር ጻፉት። በይ ወረቀት ስጪው።»

ካፒቴኑ ጻፈ። ኮረንቲ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቆ ጮክ ብሎ አነበበ። «‹በዕለቱ የመብራቱን ቀለም በሚመለከት በመካከላችን ምናልባት አለመግባባት ሳይፈጠር አልቀረም።›» ለሁለት ቀደደው። «ማን ነው የፈጠረው? አለመግባባት ራሱ ነው መሪውን የያዘው? ሌላ ወረቀት!»

ጸሐፊዋ ወረቀት ሰጠች።

ሁለተኛው «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» ይል ነበር። እሱንም ቀደደው። «‹ሊሆን ይችላል› ብለህ አይደለም እኔን የከሰስከኝ። ያኔ አፍህን ሞልተህ ነው የተናገርከው። አሁንም አፍህን ሞልተህ ጻፍ!»

«ሰዎች፣ ቢሮ ውስጥ ናችሁ እኮ» አለች ጸሐፊዋ፤ ሦስተኛውን ወረቀት ግን ሳትጠየቅ ነበር የገፋችው።

ካፒቴኑ እስክሪብቶውን እንደገና አነሳ። ልጁ ትከሻው አጠገብ ቆማለች፤ አልረዳችውም፣ አልሸሸችም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በትልልቅ ፊደል፣ አራት መስመር ጻፈና ራሱ አነበበው፤ ማንም አላዘዘውም።

«ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ወንድሜ ቀይ ነው ብሎ ነግሮኛል። አረንጓዴ ነው ብዬ የገፋሁት እኔ ነኝ። በቦርዱ ፊት ዋሽቻለሁ።»

ኮረንቲ የሚቀደድ ቃል ፈለገ። አላገኘም። ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር አሳልፎ ለጸሐፊዋ ሰጣት። እሷ አንብባ ሁለቱን ሽማግሌዎች በየተራ አየቻቸው፤ ድምጿ ለሰለሰ።

«እንግዲህ ወንድማማቾች አይደላችሁ? ይቅር ተባባሉና እርቁንም አብሬ ልመዝግብላችሁ?»

ካፒቴኑ ቀና አለ። ኮረንቲ ዞሮ አላየውም።

«እርቅ የጠየቀ የለም» አላት። «ማኅተም ነው የጠየቅነው። ረግጠሽ ምቺው፤ ግማሹ እንዳይደበዝዝ።»